በጓሮ ስለሚደልብ ሰንጋና ስለ ኮሶ ትል

በጣና ሐይቅ ዳርቻ፥ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ፥ በምሥራቅም በኩል እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ፥ ጥቂት ቦታ ያለው ባለቤት ለዓመት በዓል የሚታረደውን ከብት በጓሮው አስሮ መቀለብ የቆየ ልማዱ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ከገበያ የተገዛው ወይፈን ወይም ከእርሻ የወጣው በሬ በጤፍ ጭድ፥ በዳጉሳ ገለባ፥ በጠላ አተላና በኑግ ፋጉሎ ሲቀለብ ሰንብቶ፥ ለትንሣኤ ጎረቤት ተሰብስቦ በቅርጫ ይካፈለዋል። በሌሎች ብዙ አገሮች የትንሽ መሬት ባለቤት በጓሮው የሚያደልበው ዐሣማን ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የዐሣማ ሥጋ ስለማይበላ፥ ያን ቦታ የያዙት በሬና በግ ናቸው።

ልማዱ የሚደገፍ ነው። ባለቤቱ ከብቱን ከቅርብ ያየዋል፤ ቢታመም ያውቃል፤ የሚበላውንም ይመርጥለታል። ነገር ግን «በቤቴ ያደለብሁት ስለ ሆነ ንጹሕ ነው» የሚል አሳብ አብሮ ይመጣል፤ በዚህም አሳብ ሥጋው ያለ ምርመራ ታርዶ በጥሬው ይበላል። ይህ አሳብ ብዙ ቤተ ሰብ አታሏል። በጓሮ የደለበ በሬ ንጽሕና የሚታወቀው በበረቱ ጽዳት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በባለቤቱ ሽንት ቤት ነው። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምክንያቱን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

የኮሶ ትል ካደገ በኋላ የሚኖርበት ስፍራ የሰው ትንሽ አንጀት ብቻ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሆኖ፥ እርስ በርሳቸው በተያያዙ አንድ ሺህና ከዚያም በላይ በሆኑ አንጓዎች የተሠራ ነው። በጫፉ በኩል ያሉት አንጓዎች ሲበስሉ በዕንቁላል ይሞላሉ፤ በአንዱ አንጓ ብቻ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል አለ። የበሰለው አንጓ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም በገዛ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ወጥቶ በልብስና በመኝታ ላይ ይገኛል። ባለ ትሉ ሰው በሜዳ ወይም በአጥር ጥግ የተጸዳዳ እንደ ሆነ ዕንቁላሉ በሣሩ ላይ ይበተናል፤ ርጥበት ባለው ሣር ላይም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በሬው ሣሩን ሲግጥ ዕንቁላሉ በሆዱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩም የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ከደም ጋር ወደ ሥጋው ይሄድና ውኃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ይህ ከረጢት ከ10 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበስላል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ትል ተሸካሚ ይሆናል።

ይህን መንገድ በሙከራ ያረጋገጠው ሩዶልፍ ሎይካርት የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው። እርሱም በ1861 እ.ኤ.አ. ከሰው የወጣውን የትል አንጓ ለጥጃ አብልቶ፥ ከረጢቱን በጥጃው ሥጋ ውስጥ አገኘ። እንግዲህ በሬው ትሉን ለሰው የሚሰጠው አስቀድሞ ከሰው ተቀብሎ ነው። የዐሣማውም ሥጋ የራሱ የሆነ የኮሶ ትል ዘመድ አለው፤ ያኛው እጅግ ይከፋል፥ ምክንያቱም ዕንቁላሉን ሰው የዋጠ እንደ ሆነ ከረጢቱ በሰው አንጎል ውስጥ ሊያድግና የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። የበሬው ትል ይህን አያደርግም።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። የሚደልብ ሰንጋ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀለባል። ይህ ጊዜ ከረጢቱ በሥጋው ውስጥ ለመብሰል ከሚፈልገው ጊዜ ጋር የተካከለ ነው። ስለዚህ መቀለብ በጀመረበት ሰሞን በዕንቁላል የተበከለ ሣር የበላ በሬ ሦስት ወር ተቀልቦ ሲታረድ ከረጢቱ ሰውን ለመያዝ ደርሶ ይጠብቃል። ዕንቁላሉስ ከወዴት ይመጣል ቢሉ፥ የመጀመሪያው ምንጭ የሚቀልበው ሰው ነው። ሣር የሚያጭደው፥ ገለባ የሚበትነውና ውኃ የሚያጠጣው ልጅ ወይም ሠራተኛ ትል ቢኖርበትና ከበረቱ ጀርባ ቢጸዳዳ፥ ወይም እጁን ሳይታጠብ መኖውን ቢያቀርብ፥ አንድ ሰው ብቻውን በዚያ በረት ያለውን ከብት ሁሉ ሊበክል ይበቃል። ባለ ጸጋው ቤት ለራሱ ያማረ ሽንት ቤት ሠርቶ ሠራተኛውን ወደ ሜዳ የሚልክ ከሆነ፥ ሜዳው በሥጋ ተመልሶ ወደ ማዕዱ ይመጣል። እኛ እንደምንመለከተው ሰንጋ ከመታሰሩ በፊት መመርመርና መታከም የሚገባው በሬውን የሚቀልበው ሰው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከውጭ የሚመጣው ሣር ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ ይፈስሳሉ፤ ጎርፉም በየዱሩ የተጣለውን ሰገራ ጠርጎ በግጦሹ ላይ ይዘረጋዋል። ከሐይቁ ጠረፍ ታጭዶ ለከተማ የሚሸጠውም ርጥብ ሣር ሰው ከሚጸዳዳበት ስፍራ የራቀ መሆኑን ገዢው ሊያውቅ አይችልም። ለድልብ ከብት በደረቅ ስፍራ ተከምሮ የቆየ ጭድና ገለባ፥ ፋጉሎና የእህል ዕብቅ ይሻላል። (በነገራችን ላይ፥ ለሣር አጨዳ በሐይቁ ጥልቀት በሌለው ውኃ ገብቶ የሚቆም ሰው ለብልሃርዝያ ይጋለጣል። ይህም በሽታ እንደዚሁ ከሰው ሰገራ ተነሥቶ በቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው የሚመለስ ነው።)

ሽንት ቤቱን በተመለከተ፥ በሐይቁ ጠረፍ የከርሰ ምድሩ ውኃ ቅርብ ስለ ሆነ ጉድጓዱን እንደ ደጋው አገር ጠልቆ መቆፈር አይቻልም። ከፍ ያለ ደረቅ ስፍራ ይመረጥ፤ እርሱም ካልተገኘ ዐፈር ተከምሮና ዙሪያው በድንጋይ ተደግፎ ጉድጓዱ ከመሬት በላይ ከፍ ይበል። ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የሞላውን ጉድጓድ አስወጥቶ በጓሮ አትክልት ላይ ወይም በሐይቁ ዳር ማፍሰስ ግን ሽንት ቤት እንዳልሠሩ ያስቆጥራል። የሕፃናት ሰገራ ንጹሕ ነው ተብሎ በአጥር ሥር መጣሉም ሊቀር ይገባል፤ ጥሬ ሥጋ የሚቀምስ ልጅ ትል ይይዘዋልና።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት እንበል። አባቶቻችን የኮሶን ዛፍ አበባ አድርቀውና ፈጭተው በባዶ ሆድ፥ ብዙዎችም በየሁለት ወሩ ይጠጡ ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ ዛፉን በመጽሐፉ ለአውሮፓ አስተዋውቋል፤ ቆይቶም አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ኮሶ ትሉን እንደሚያስወጣ የሚክድ የለም። ሆኖም ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ማጥፋቱ፥ ሰው መግደሉም በሐኪሞች ታውቋል፤ ለነፍሰ ጡርማ ፈጽሞ አይገባም። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚታዘዙት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት እንክብሎች ያለዚህ ሁሉ ጭንቅ ትሉን ይገድላሉ።

ከዚህ ይልቅ አንባብያን እንዲያስቡበት የምንፈልገው ሌላ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ወዴት ይወጣል? በልማድ የሚሄደው ወደ ሜዳ፥ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቁጥቋጦ ነበር። በዚያች ሰዓት ከሰውየው የሚወጣው አንድ አንጓ ሳይሆን ሙሉው ትል ከነዕንቁላሉ ነው። ስለዚህ መድኃኒት የተጠጣበት ቀን አንዱ ሰው የሚፈወስበት፥ የመንደሩ ግጦሽ ግን የሚበከልበት ቀን ይሆናል። በእንክብል የታከመም ቢሆን ትሉ ተቆራርጦ ስለሚወጣ በዓይን ባያየውም፥ ዕንቁላሉ መውጣቱ አይቀርምና በእነዚያ ቀኖች ከሽንት ቤት በቀር በሌላ ስፍራ አይጸዳዳ። ሦስት ወር አልፎ አንጓ ካልታየው ድኗል ማለት ነው፤ ከታየው ይመለስና ይታከም።

ሰንጋው በታረደ ጊዜ ሥጋው በባለሙያ መታየት አለበት። ቄራ ባለበት ከተማ ወደ ቄራ መውሰድ ይሻላል። በመንደር የታረደ እንደ ሆነ ግን ቅርጫ አራጆቹ የመንጋጋውን ሥጋ፥ ምላሱን፥ ልቡን፥ የወርቹን ሥጋና ደረትን ከሆድ የሚለየውን ሥጋ በቢላዋ ሰንጥቀው ይመልከቱ። ከረጢቱ ከሩዝ ፍሬ ከፍ ያለ፥ ውኃ የመሰለ ሆኖ በውስጡ ነጭ ነጥብ ያለበት ነው። ይህን ያገኘ ሰው ሥጋውን አይካፈል። ያላገኘም ቢሆን ሥጋው ነጻ ነው ብሎ አይተማመን፤ ጥቂት ከረጢት ያለበት በሬ በተማረ መርማሪ ፊት እንኳ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ከገበያ የተገዛውም በሬ ከረጢቱን ከቀድሞ ግጦሹ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የመጨረሻው ዘብ እሳት ነው። የሥጋው መካከል 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከደረሰ ከረጢቱ ይሞታል፤ ቴርሞሜትር የሌላት ባልትና ግን ሥጋው ከመካከሉ ቅላቱ እስኪጠፋ ታብስለው። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ከጥሬው እምብዛም አይለይም። ሚጥሚጣው፥ አዋዜውና ከበላዩ የሚጠጣው አረቄ ትሉን ይገድላሉ የሚለው ወሬ የማዕድ ጨዋታ ነው። ቁርጥ ካልበላሁ በዓል አይመስለኝም የሚል ሰው ማቀዝቀዣ ካለው፥ ሥጋውን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ቢያንስ ለ10 ቀን አቆይቶ ይብላ። ምንም እንኳ የፋሲካን ሥጋ ዳግማይ ትንሣኤ እስኪያልፍ ማቆየት ለብዙዎች የሚከብድ ቢሆን፥ ለትል የሚበጀው መንገድ ይኸው ነው።

በትምህርት ቤት ይህን ለማስረዳት በሰሌዳው ላይ አንድ ክብ መሣል ይበቃል። በክቡ ዙሪያ ሰው፥ ሣር፥ በሬና ሥጋ ይሣሉ፤ ተማሪዎቹም ክቡን በየትኛው ስፍራ መቁረጥ እንደሚቻል ይጠየቁ። አንዱ «በሥጋው»፥ ሌላው «በሰውየው ሆድ» ይላል፤ መምህሩም ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሚገባ እስኪያገኙት ይታገሣቸው።

በግ ለሚያደልቡ ደግሞ፦ በግ ይህን የኮሶ ትል አያመጣም። የጣና ዙሪያ ረግረግ ግን የጉበት ትል ያለበት ስለ ሆነ በጉን ከረግረግ ሣር ያርቁት። ጉበቱ ወይም ሳንባው ውኃ የቋጠረ እባጭ ቢያወጣ ለውሻ አይጣል፤ ውሻው ትሉን በሆዱ አሳድጎ ዕንቁላሉን ከሰገራው ጋር በግቢው ይበትናል፤ በልጆች እጅ ወደ አፍ የገባው ዕንቁላል ያንኑ እባጭ በሰው ጉበት ውስጥ ያበቅላል። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በድንገት የሞተ፥ ከአፍና ከአፍንጫውም ደም የፈሰሰው በግ ወይም በሬ አባ ሰንጋ ይሆናልና፥ አይገፈፍ፥ አይበለት፥ ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ይነገር።