ስለ ውርስ፤ ልጅ የወላጆቹን መልክና ደዌ በምን ሥርዓት እንደሚቀበል

በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ሱወይዲ የሚባል ሠፈር አለ። በዚህ ሠፈር በሚገኘው መናፈሻ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. የልዩ ልዩ አገር ሕዝቦች በየተራ ባህላቸውን አሳይተው ነበር። ሕንዶች፣ ፊሊፒኖች፣ ኢንዶኔዥያውያን፣ ፓኪስታናውያን፣ የመናውያን፣ ሱዳናውያንና ግብፃውያን ልብሳቸውንና ዜማቸውን ይዘው ቀረቡ። ከአገራችንም ለሥራ የሄዱ ብዙ ወገኖች በዚያው ከተማ ይኖራሉ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድነት ያየ ሰው ልጅ ሁሉ ወላጆቹን እንደሚመስል ሳያስተውል አይቀርም። አንዳንዱ ግን አባቱንም እናቱንም ትቶ አያቱን መስሎ ይወጣል።

በዚሁ ሠፈር ሌላ ነገርም አለ። የአገሩ ተወላጆች ለመጋባት ሲያስቡ፣ የጋብቻው ውል ከመፈጸሙ በፊት ሁለቱም ደማቸውን ማስመርመር ግዴታቸው ነው። ልጅ አያቱን የሚመስለው ስለምንድር ነው? ሁለት ጤነኞች ሊጋቡ ሲሉ ደማቸው የሚመረመረውስ ስለምንድር ነው? የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አንድ ነው። ይህም ትምህርት ያንኑ መልስ በየክፍሉ ይገልጻል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ አተሩ ምርመራ

የቀድሞ ሰዎች የአባትና የእናት ደም እንደ ወተትና እንደ ቡና ተቀላቅሎ በልጁ አንድ ይሆናል ብለው ያስቡ ነበር። ይህ አሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ የተቀላቀለ ወተትና ቡና ተመልሶ እንደማይለይ ሁሉ፣ የአያት መልክ በልጅ ጠፍቶ በልጅ ልጅ ሊመለስ ባልቻለ ነበር። ነገር ግን ሲመለስ ይታያል።

የነገሩን ሥርዓት ያገኘው ግሬጎር መንደል የሚባል መነኩሴ ነው። ይኖርበት የነበረው ገዳም ዛሬ በቼክ አገር በምትገኘው በብርኖ ከተማ ነበር። ከ1856 እስከ 1863 ዓ.ም. ድረስ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ መረመረ። ፍሬው ክብ የሆነውን አተር ፍሬው ከተጨማደደው ጋር ባዳቀለ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ፍሬ ሁሉ ክብ ሆነ። የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። እነዚህን ክቦች ዘርቶ እርስ በርሳቸው እንዲራቡ ባደረገ ጊዜ ግን 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ቈጠረ፤ ይኸውም ሦስት እጅ ለአንድ እጅ መሆኑ ነው።

ከዚህም መንደል የሚከተለውን ተረዳ። እያንዳንዱ አተር ለአንድ መልክ ሁለት ምክንያት ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይቀበላል። ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ አካል ይኖራሉ እንጂ አይቀላቀሉም። አንዱ ገዥ ሲሆን ሌላው ስውር ነው። ስውሩ ከገዥው ጋር ሲሆን አይታይም፤ ሁለት ስውሮች ሲገናኙ ግን ይገለጣል። መንደል ይህን ሥራውን በ1865 ዓ.ም. በጉባኤ አነበበ፤ በ1866 ዓ.ም. ታተመ፤ ሆኖም ልብ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። እርሱ በ1884 ዓ.ም. ዐረፈ። ሊቃውንት የሥራውን ታላቅነት የተረዱት በ1900 ዓ.ም. ነው።

2ኛ፤ ስለ ክሮሞሶምና ስለ ጂን

መንደል ምክንያት ያለው ነገር በአካል ውስጥ የት እንደሚገኝ አላየም ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት አዩት። የሰው አካል በዐይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ በክር የሚመሰሉ ነገሮች አሉ። ቍጥራቸው 46 መሆኑ በ1956 ዓ.ም. ተረጋገጠ፤ ቀድሞ 48 ናቸው ይባል ነበር። እነዚህ 46ቱ 23 ጥንድ ናቸው።

ነገሩን በመጽሐፍ መስሎ መረዳት ይቻላል። ክሮሞሶም እንደ አንድ ጥራዝ ነው። በጥራዙ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ምዕራፍ ጂን ይባላል፤ አንዳንዶች ዘረ መል ይሉታል። ምዕራፉ የተጻፈበት ነገር ዲ ኤን ኤ ነው፤ ፊደላቱም አራት ብቻ ናቸው። ሰው ከአንድ ወላጁ ብቻ የሚቀበለው ጽሑፍ 3 ሺህ ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው። የሰው ጂኖችም 20 ሺህ ያህል ናቸው። እያንዳንዱ ጥራዝ በሁለት ቅጂ ይገኛል፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የተገለበጠ ነው።

የአባት ዘርና የእናት እንቁላል ግን ከየጥንዱ አንዳንድ ብቻ ይዘው 23 ክሮሞሶም ይኖራቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ 46 ይሞላል። ከ23ቱ ጥንዶች አንዳንድ እየተመረጠ ሲወጣ፣ ምርጫው ብቻውን ከ8 ሚሊዮን በሚበልጥ ልዩ ልዩ መንገድ ሊሆን ይችላል። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ስለዚህ ነው።

ከጥንዶቹ አንዱ ወንድነትንና ሴትነትን የሚወስን ነው። እናት ሁለት ኤክስ የሚባሉ ክሮሞሶሞች ስላሏት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ ነው። አባት ግን አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው፤ ኤክስ ሲሰጥ ሴት፣ ዋይ ሲሰጥ ወንድ ይወለዳል። ሴት ልጅ ብቻ ወለደች ተብላ የተነቀፈች፣ ከትዳሯም የተባረረች ሚስት ስንት ናት! በነገሩ ግን የእርሷ ድርሻ አልነበረበትም፤ አባትም ቢሆን መርጦ አይሰጥም።

3ኛ፤ አንድ ፊደል ሲለወጥ

የግእዝ ተማሪ ፊደል መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ተብሎ ሲጻፍ ወጣ፣ ተወለደ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሌባ ሆነ ማለት ይሆናል። ጸሐፊው የሳተው አንድ ፊደል ነው፤ ምሥጢሩ ግን ፈጽሞ ተለወጠ።

በሰውም አካል እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ የደምን ቀይ ነገር፣ ይኸውም ሄሞግሎቢንን፣ የሚያሠራ ጂን አለ። በዚህ ጂን አንድ ፊደል ሲለወጥ ሄሞግሎቢኑ ይለወጣል። ክብና ተጣጣፊ የነበረው ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ሲያንሰው ጠንክሮ እንደ ማጭድ ይቈለመማል። በሽታውም ከዚህ የተነሣ በማጭድ ተሰይሟል። የቈለመመው ሕዋስ በጠባብ የደም ሥር ሲያልፍ መንገድ ይዘጋል፤ በሽተኛውም በአጥንቱና በሆዱ ብርቱ ሕመም ይሰማዋል። ጤነኛ ቀይ ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር፣ ይህ ግን ከ10 እስከ 20 ቀን ብቻ ስለሚኖር የደም ማነስ ይከተላል።

ይህ ሁሉ የሚደርሰው ሁለቱም ቅጂዎች በተበላሹበት ሰው ነው። አንዱ ቅጂ ብቻ የተበላሸበት ሰው በደኅናው ቅጂ ስለሚሠራ ጤነኛ ነው፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይሸመግላል። እንዲህ ያለው ሰው ተሸካሚ ይባላል። ከዚህም በላይ ተሸካሚው ብርቱውን ወባ ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚቋቋም በ1954 ዓ.ም. ታውቋል። ስለዚህ በሽታው የሚበዛው ወባ በኖረባቸው አገሮች ነው። በሳዑዲ ዐረቢያም በምሥራቁ ክፍልና በደቡብ ምዕራብ በጂዛን በኩል ይበዛል። በአገራችን ደጋ ወባ ስለማይጸና በዚያ ብርቅ ነው።

4ኛ፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ

እንግዲህ ባልና ሚስት ሁለቱም ተሸካሚዎች ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አራት መንገድ አለ።

ሀ. ከአባትም ከእናትም ደኅናውን ይቀበላል፤ ነጻ ነው።
ለ. ከአባት ደኅናውን፣ ከእናት የተበላሸውን ይቀበላል፤ ተሸካሚ ነው።
ሐ. ከአባት የተበላሸውን፣ ከእናት ደኅናውን ይቀበላል፤ ይህም ተሸካሚ ነው።
መ. ከሁለቱም የተበላሸውን ይቀበላል፤ ይህ በሽተኛ ነው።

ይህ ሥርዓት የመንደል አተር ሥርዓት ነው፤ ሦስት እጅ ጤነኛ፣ አንድ እጅ በሽተኛ። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። አንድ ልጅ ታሞ ቢወለድ የሚቀጥሉት ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም። ዕጣው ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይጣላል፤ ያለፈው ዕጣ የሚመጣውን አያስለውጥም። ይህን ያልተረዱ ወላጆች ተስፋ አድርገው ሁለተኛ በሽተኛ ልጅ ይታቀፋሉ።

5ኛ፤ ስለ ዘመድ ጋብቻና ስለ ሰባት ቤት

የተበላሸው ቅጂ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተሰውሮ ሊሄድ ይችላል። አንድ አያት ተሸካሚ ቢሆን፣ ልጁ ከሁለት አንድ፣ የልጅ ልጁ ከአራት አንድ ዕድል ተሸካሚ ይሆናል። የዚህ አያት ሁለት የልጅ ልጆች፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ማለት ነው፣ ቢጋቡ ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል ከ16 አንድ ነው። ልጃቸው የመታመሙ ዕድል ደግሞ ከ64 አንድ ይሆናል።

በአገራችን የአባቶች ሥርዓት ግን የሚጋቡ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ወላጅን አንድ፣ አያትን ሁለት፣ ቅድመ አያትን ሦስት እያሉ ሰባት ቢቈጥሩና ከዚያ ላይ ያለው አባት ተሸካሚ ቢሆን፣ ሰባት ቤት ወርዶ የሚወለደው ሰው ተሸካሚ የሚሆነው ከ128 አንድ ጊዜ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ተጋብተው ከዚያ ከአንዱ አባት የተነሣ በሽተኛ ልጅ የመውለዳቸው ዕድል ከ65,536 አንድ ብቻ ነው። አባቶች ጂን የሚባል ነገር አላወቁም፤ ሥርዓቱንም የሠሩት ስለ ዘመድ ክብር ነው። ቢሆንም ቈጠራው ለጤናም ጠቅሟል።

በሳዑዲ ዐረቢያ የዘመድ ጋብቻ ከጥንት የተወደደ ልማድ ነው፤ ቤተሰብን ያጸናል፣ ሙሽራዪቱም ወደማታውቀው ቤት አትሄድም። በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከጋብቻው ከመቶ 57.7 የሚሆነው በዘመዳሞች መካከል መሆኑን ገልጿል። መንግሥቱ ይህን ልማድ አልከለከለም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የሚጋቡ ሁሉ ለማጭድ መሰሉ በሽታና ታላሲሚያ ለሚባለው ሌላ የደም በሽታ እንዲመረመሩ አዘዘ። የምርመራው ወረቀት የሚጸናው ለ6 ወር ነው። ሁለቱም ተሸካሚዎች ሆነው ቢገኙ ሐኪም ያስረዳቸዋል፤ መጋባትን ወይም መተውን የሚወስኑት ግን ራሳቸው ናቸው።

ከ2004 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ 1,572,140 ሰዎች ተመረመሩ። ከእነዚህ ከመቶ 4.5 የሚሆኑት የማጭድ መሰሉ በሽታ ተሸካሚዎች ወይም በሽተኞች፣ ከመቶ 1.8 የሚሆኑት ደግሞ የታላሲሚያ ሆነው ተገኙ። በመጀመሪያ አደጋ እንዳለበት ከተነገራቸው ጋብቻውን የተዉት ከመቶ 9.2 ብቻ ነበሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ግን ከመቶ 51.9 ደረሱ። ከቍጥሩ በስተ ኋላ ያለውን ኀዘን ማሰብ ይገባል፤ የተዋደዱ ሰዎች ተለያይተዋልና። ምርመራው ቀለበት ከታሰረና ድግስ ከተደገሰ በኋላ ሲመጣ መለያየት እጅግ ይከብዳል፤ ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

የሰባት ቤት ቈጠራ ብቻውን አይበቃም። በወባ አገር የሚኖሩ ዘመዳሞች ያልሆኑ ሰዎችም ተሸካሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደማቸውን ካላስመረመሩ በቀር አያውቁትም። በባዕድ አገር ከልዩ ልዩ ሕዝብ ጋር የሚጋቡ ወገኖቻችንም ይህን ሊያውቁ ይገባል።

6ኛ፤ ከዚህ ትምህርት የማይወጣ ነገር

አንዳንድ ሰው ውርስ የሚለውን ቃል ሲሰማ የአጥንት ቈጠራን ያስባል፤ እገሌ ከጥሩ አጥንት ነው፣ እገሌ ከሸክላ ሠሪ ዘር ነው ይላል። ይህ ከጂን ትምህርት አይወጣም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሸክላ የሚሠራው ከእናቱ እጅ እያየ ስለተማረ እንጂ በክሮሞሶሙ ስለተጻፈበት አይደለም። ቋንቋና ሙያ በትምህርት ይገኛሉ። ቁመትና የቆዳ መልክም በብዙ ጂኖች አንድነት የሚወሰኑ ናቸው፤ ቁመትን ደግሞ ምግብና ጤና ያግዙታል ወይም ይቀንሱታል። እንደ አተሩ በአንድ ጥንድ የሚወሰነው ነገር ጥቂት ነው።

ደግሞ በሽተኛ ልጅ የተወለደበት ቤት እርግማን አለበት፣ ወይም እናቲቱ ክፉ ደም አመጣች ማለት ሐሰት ነው። በሽታው እንዲወለድ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም እኩል ሰጥተዋል፤ ሁለቱም የሰጡትን አላወቁም። ሕክምናውም እየተሻሻለ ነው። ጂንን አርሞ የሚያድን መድኃኒት በ2023 ዓ.ም. በእንግሊዝ፣ በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ በሳዑዲ ዐረቢያ ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

ነገ ጋብቻ የሚባርክ፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን የሚያስታርቅ ካህን ይህን ቢያውቅ ብዙ ቤት ያድናል። እጮኞችን ሰባት ቤት እንደቈጠሩ ሲጠይቅ፣ በቤተሰባቸው የደም በሽታ እንዳለም ይጠይቅ፤ ካለም አስቀድመው ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ይምከር።

ለማሰላሰል የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ደም እንደ ወተትና ቡና ይቀላቀላል የሚለው አሳብ ስሕተት መሆኑ በምን ይታወቃል?
2. ተሸካሚ ጤነኛ የሚሆነው ስለምንድር ነው?
3. ባል ተሸካሚ፣ ሚስት ግን ነጻ ብትሆን፣ ከልጆቻቸው በሽተኛ ሊወለድ ይችላልን? አራቱን መንገድ ጽፈህ አስረዳ።
4. አንዲት ሴት ሦስት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ ባሏም ሊፈታት ፈለገ። ምን ብለህ ትመክረዋለህ?