ምርቃና ከየት ይመጣል?

የነርቭ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ አይነካኩም። በመካከላቸው ከሚሊሜትር አንድ 50,000ኛ ገደማ የምትሆን ክፍተት አለች፤ መልእክቱ ይህችን የሚሻገረው በኬሚካል ነው። ነገሩ የታወቀው በእንቁራሪት ልብ ነበር። ተመራማሪው ኦቶ ሎዊ በ1921 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ፣ ግራዝ ከተማ ውስጥ አንድ ልብ ከነነርቩ አውጥቶ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አኖረ። ነርቩን በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሰው የልቡ ምት ዘገየ። ያንኑ ውሃ ቀድቶ ወደ ሌላ ልብ ሲያዛውረው፣ ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ውሃው ውስጥ የነበረው መልእክተኛ በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ።

ከእንዲህ ዓይነት መልእክተኞች መካከል ጠባይን በተመለከተ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ዶፓሚን ነው። «የደስታ ኬሚካል» መባሉ ግን ብዙም አይመጥነውም፤ ከማጣጣም ይልቅ የሚቀሰቅሰው መፈለግንና መነሳሳትን ነው። ኖርአድሬናሊን ደግሞ ንቃትን ይጨምራል፣ የልብን ምት ያፋጥናል።

የሁለቱን ሥራ ጫት ቤት ገብቶ ማየት ይቻላል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ነጋዴ ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ፣ ውሃ እየረጨ ወደ ገበያ የሚጣደፈው። ካቲኖን ከነርቭ ጫፍ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲፈስ ያደርጋል። ጉንጩን የወጠረው ቃሚ ወሬው ይሞቃል፣ ረሃቡ ይጠፋል፣ ዕቅዱ ይበዛል፤ ያልተከፈተ ሱቅ እዚያው ፍራሹ ላይ አትርፎ ቅርንጫፍ ያወጣል። ምርቃና የሚባለው ይህ ነው። ካቲኖን በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው መቃም ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ነው።

ከዚያ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ስሜት ይወርዳል፣ እንቅልፍ ግን እምቢ ይላል። ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ አልኮል ጋባ የተባለውን አረጋጊ መልእክተኛ ሥራ ስለሚያጠናክር፣ ቃሚው አንዱን መልእክተኛ በሌላ ሊያባርር ይሞክራል። ምርቃናው እውነት ይበርዳል፤ ሆኖም በመጠጥ የመጣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ሱሱም ሁለት ይሆናል።

አዘውትሮ የቃመ ሰው ሲያቆም ሃራራ ይይዘዋል፦ ያዛጋል፣ ይደበታል፣ ይነጫነጫል። ሌሊት ላይ ደግሞ ዱካክ አለ፤ በሕልም የሚያንቅ፣ የሚያባርር፣ ከገደል የሚወረውር ቅዠት። ቃሚዎች የጫቱ መንፈስ ጠይቆ ነው ይላሉ። ለወትሮው በየቀኑ ይቀሰቀስ የነበረ አንጎል ቅስቀሳው ሲቀርበት ግን እንቅልፉም ሕልሙም መረበሹ አይቀርም፤ ይህም በአብዛኛው ሰው ላይ ቀናት ባለፉ ቁጥር እየቀለለ ይሄዳል።