ጥቃቅን ለውጦች የኮምፒውተርን ፍርድ የሚያስቱት እንዴት ነው?

አልሰረቲቭ ኮላይተስ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚያቆስል፣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ሌላ ጊዜ ጋብ እያለ ለዓመታት የሚዘልቅ በሽታ ነው። በአዋቂ ሕሙማን ሕክምና ውስጥ ካሉት አስቸጋሪ ነገሮች አንዱ ስሜትና ቁስል ሁልጊዜ አለመገጣጠማቸው ነው። ተቅማጡና ደሙ ቆሞለት «ድኛለሁ» የሚል ሰው አንጀቱ ገና ተቆጥቶ ሊገኝ ይችላል፤ መድኃኒቱን በዚያ ጊዜ ቢያቋርጥም በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። በመሆኑም ሐኪሙ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ፣ የአንጀቱን ግድግዳ ይመለከትና ማዮ በተባለው መለኪያ ከ0 (ጤናማ ወይም የዳነ) እስከ 3 (ብርቱ ቁስል) ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው 0 ወይም 1 ሲሆን ብዙውን ጊዜ የተያዘው ሕክምና ይቀጥላል፤ 2 ወይም 3 ሲሆን ግን ወደ ጠንካራና ውድ መድኃኒት መሸጋገር ይታሰባል።

ሁለት ሐኪሞች አንዱን ምስል አይተው የተለያየ ደረጃ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ሥራውን ለኮምፒውተር የማስተማር ሙከራ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከ3,082 ሕሙማን የተወሰዱ 16,514 ምስሎችን ተጠቅሞ፣ አንድ ኒውራል ኔትወርክ ጋብ ያለውን በሽታ ከመካከለኛውና ከብርቱው በመለየት ረገድ ልምድ ካላቸው ሐኪሞች ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል።

ውጤቱ የሚያስደስት ነው። የፊዚክስ ሰው ግን ስለ አዲስ የመለኪያ መሣሪያ ሲነገረው የሚያሳስተው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። የዚህ ጥያቄ መልስ በሕክምና ሳይሆን በእንስሳት ፎቶግራፍ ላይ ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢያን ጉድፌሎና ባልደረቦቹ ኮምፒውተሩ በ57.7 በመቶ እርግጠኝነት «ፓንዳ» ያለውን ፎቶግራፍ ወሰዱ፤ በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ ዓይን ሊለየው የማይችል ለውጥም ጨመሩበት። ለሰው ዓይን ፎቶግራፉ ያው ፓንዳ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በ99.3 በመቶ እርግጠኝነት «ጊቦን»፣ ማለትም ጭራ የሌለው የዝንጀሮ ዘመድ፣ አለው። ስሕተቱ ከትክክሉ የበለጠ እርግጠኝነት የታየበት መሆኑን ልብ ይሏል።

ምክንያቱን ለመረዳት የቬክተር ትምህርት ይበቃናል። ባለ 224 በ224 ፒክሰል የቀለም ምስል ለኮምፒውተር 224×224×3፣ ማለትም 150,528 ቁጥሮች ያሉት ቬክተር ነው። ነገሩን አቅልለን፣ መዳቢው እያንዳንዱን ቁጥር በአንድ ክብደት አባዝቶ ይደምራል እንበል፤ ይህ ዶት ፕሮዳክት ነው። ድምሩ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ፍርዱ ይለወጣል። አሁን እያንዳንዱን ቁጥር በአንዲት ነጥብ ብቻ፣ ከ0 እስከ 255 ካለው የብርሃን ደረጃ በአንዱ፣ ከፍ ወይም ዝቅ እናድርግ። ከፍ ይበል ወይስ ዝቅ የሚለውን ሳንቲም በመወርወር ብንወስን፣ ተደማሪዎቹ እርስ በርስ ስለሚጣፉ የድምሩ ለውጥ በቁጥሮቹ ብዛት ካሬ ሥር ልክ፣ ወደ 388 ገደማ ብቻ ይሆናል (ክብደቶቹ ሁሉ መጠናቸው 1 ነው ብለን)። ክብደቱ ፖዘቲቭ በሆነበት ከፍ፣ ኔጋቲቭ በሆነበት ዝቅ ብናደርግ ግን አንዱም አይጣፋም፤ ለውጡ 150,528 ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ዘዴው ያለው በማበሩ ላይ ነው። የፒክሰሎቹ ለውጥ መጠን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አቅጣጫው ብቻ ነው።

እውነተኛው ኔትወርክ ብዙ ንብርብር ስላለው ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ምስል አካባቢ በቀጥተኛ መስመር የሚጠጋጋ ጠባይ ስላለው፣ ጉድፌሎና ባልደረቦቹ የጎጂውን አቅጣጫ ምልክት በካልኩለስ አስልተው አግኝተዋል። የሚያስገርመው ለአንዱ ኔትወርክ የተዘጋጀ አሳሳች ምስል ጨርሶ ያልታየ ሌላ ኔትወርክንም ብዙ ጊዜ ማሳሳቱ ነው። ስለዚህ የኔትወርኩን ውስጥ መደበቅ ብቻውን ጥበቃ አይሆንም።

ወደ ሕክምና ስንመለስ፣ ሳሙኤል ፊንሌይሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የቆዳ፣ የዓይንና የደረት ምስል መዳቢዎችም ከዚህ እንደማያመልጡ አስጠንቅቀዋል። ማን ይህን ያደርጋል ለሚለው የሰጡት መልስ ገንዘብን ይመለከታል፤ በአሜሪካ የጤና ሥርዓት የኢንሹራንስ ክፍያ በውሳኔ ላይ ስለሚመሠረት፣ ውሳኔው ከምስል ሲመጣ ምስሉን ለመነካካት የሚፈተን አይጠፋም። በአንጀት ላይም ሂሳቡ ያው ነው፤ 1 የነበረውን 2 ማስባል በሽተኛውን ላላስፈለገው ጠንካራ መድኃኒት፣ 2ን 1 ማስባል ደግሞ ላልታከመ ቁስል ያጋልጠዋል።

መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኔትወርኩን አሳሳች ምስሎችን ጨምሮ ማስተማር ነው፤ ይህም ይረዳል፣ ነገር ግን ባልተነካኩ ምስሎች ላይ ያለውን ትክክለኛነት ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ለእኔ የበለጠ አስተማማኝ የሚመስለኝ ሁለተኛው ነው፤ እርስ በርስ ያልተያያዙ መለኪያዎችን ማነጻጸር። በሰገራ ውስጥ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን ብግነት ሲኖር ይጨምራል፤ የምስሉ ፒክሰሎች ተነካኩ ብሎ አይለወጥም። ኮምፒውተሩ «0» ብሎ ካልፕሮቴክቲኑ እጅግ ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ ምስሉን በገዛ ዓይኑ ደግሞ ማየት ይኖርበታል።

ለተማሪዎች አንድ መልመጃ፦ በእጅ የተጻፉ አኃዞችን የያዘ ባለ 28 በ28 ፒክሰል ጥቁርና ነጭ ምስል ውሰዱ። ታስቦበት የተደረገውን ለውጥ ከሳንቲሙ ለውጥ ጋር አነጻጽሩ፤ የሁለቱ ጥምርታ 28 ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያም እንዲህ ያለውን ትንሽ ምስል ለማሳሳት በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ ከፓንዳው የበለጠ ለውጥ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ አስረዱ።