ከክፍሉ ቁልፍ በፊት የወላጅ ፊርማ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ክፍል ፈልጎ መከራየት ለዲያስፖራ ወላጅ ከባድ ሥራ አይደለም። ደላላ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ገንዘብም በስልክ ይላካል። የ16 ዓመት ልጁን «አገሩን ይወቅ፣ ትምህርቱንም እዚያው ይጨርስ» ብሎ የሚልክ ወላጅ፣ ወይም አክስቷ ጋ ለተዋት ልጁ ለብቻዋ ቤት የሚከራይ ወላጅ፣ ቤቱ ከተገኘና የወሩ ወጪ ከተላከ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለብቻው ሲኖር ቶሎ የሚቸገረው ስለ እሱ የሚፈርም ትልቅ ሰው በማጣት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ፈራሚ፣ ከዚያ ቤት።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል። የልጁን ደኅንነት አሳዳሪው፣ ንብረቱን ደግሞ ሞግዚቱ ይጠብቃሉ፤ በተለመደው ሁኔታ ሁለቱም አባትና እናት ናቸው። ልጁ የት እንደሚኖር የሚወስነውም አሳዳሪው ነው። ልጁ ያለ ፈቃድ ከተወሰነለት ቦታ ቢሄድ አሳዳሪው ሊያስመልሰው ይችላል። እንግዲህ ሕጉ ልጅ ከወላጁ ተለይቶ አይኑር አላለም፤ ወላጅ ከፈቀደ ይኖራል። ይህ ፈቃድ ግን ተለይቶ የመኖር ፈቃድ ብቻ ነው፤ ልጁን ትልቅ ሰው አያደርገውም። ይህ አዋጅ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ስለሆነች ዝርዝሩን እዚያው ከሚሠራ ጠበቃ መጠየቅ ይገባል።

ልዩነቱ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ይታያል። ልጁ ትምህርት ቤት ሁለት ቀን ቀርቶ ሲመለስ «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል። ትርፍ አንጀቱ ታሞ ሆስፒታል ቢገባ ለቀዶ ሕክምናው ፈራሚ ይፈለጋል። የነዋሪነት መታወቂያ የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ነው፤ ባንክም ሒሳቡ በሞግዚት በኩል እንዲከፈት ይጠይቃል። የቤት ኪራይ ውልን ልጅ ብቻውን ቢፈርመው ኋላ በቀላሉ ሊፈርስ ስለሚችል ጠንቃቃ አከራይ አይቀበለውም። «ሥራ ይዞ ራሱን ይችላል» የሚለው ሐሳብም ገደብ አለበት። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠራ አይፈቀድም።

«የገጠር ተማሪ ድሮም ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ ሁለተኛ ደረጃ ይማር የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይማራል። ያ ተማሪ ግን ለብቻው የኖረ ይምሰል እንጂ ወላጁ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። እናቱ በገበያ ቀን ቆሎና በሶ ይዛ ብቅ ትላለች፤ አከራይዋ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ትምህርት ቤቱ አባቱን ቢጠራ በማግስቱ ይደርሳል። የዲያስፖራው ልጅ ይህ የለውም። ሐዋሳ እኩለ ቀን ሲሆን ዋሽንግተን ገና አልነጋም፤ የተኛ ወላጅ ደግሞ ለሐኪም አይፈርምም። ልማዱን መጥቀስ ካስፈለገ ከነሙሉ አካሉ ይጠቀስ፤ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ስንቅ ይዛ የምትመጣዋም እናት የልማዱ አካል ናት።

ሌላው ክርክር «እኛ ባለንበት አገር 16 ዓመት የሞላው ነጻ ነው» የሚል ነው። እዚያም ነገሩ እንደየቦታው ይለያያል። በስኮትላንድ 16 ዓመት የሞላው ወጣት በአብዛኛው ራሱ ይዋዋላል፤ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ከወላጅ ቁጥጥር መውጣት ይችላል። በካሊፎርኒያ ልጅ ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በፍርድ ቤት ነጻ ሊባል ይችላል፤ ሆኖም በወላጅ ፈቃድ ተለይቶ እንደሚኖርና ገንዘቡን ራሱ እንደሚያስተዳድር ማሳየት አለበት። በአላባማ ደግሞ ለአካለ መጠን መድረሻው 19 ነው። በእኛም ሕግ ፍርድ ቤት የልጁ ጥቅም ሲያስገድድ ከ18 ዓመቱ በፊት ነጻ ሊያወጣው ይችላል። ይህ ግን ወላጅ ስለራቀ ብቻ የሚታዘዝ የአስተዳደር ማቃለያ አይደለም። ጋብቻም ነጻ ያወጣል፤ ነገር ግን የጋብቻ ዕድሜ ራሱ 18 ነው፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ በልዩ ምክንያት ሊቀንሱ የሚችሉት ከ2 ዓመት አይበልጥም። ልጅን ከወረቀት ችግር ለማውጣት ብሎ መዳር መድኃኒቱን ከበሽታው ማክፋት ነው።

መፍትሔው ውክልና ነው። ሁለቱም ወላጆች ሐዋሳ ለሚኖርና ስልክ ለሚያነሳ አንድ የታመነ ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይፈርሙ፤ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ይለፍ። «በአጠቃላይ ወክያለሁ» ከማለት ይልቅ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ ባንክና የቤት ውል በየስማቸው ይጻፉ። የቤቱን ውል ወኪሉ በጽሑፍ ይዋዋል። የልደት የምስክር ወረቀቱ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈም ይታይ፤ በእኛ 2001 የተወለደ ልጅ በውጭ ፓስፖርቱ 2008 ወይም 2009 ይባላልና ያልተመሳከረ ቀን በየቢሮው ያመላልሳል። የውክልናው ቅጂ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ አከራዩ ጋ ይቀመጥ። ልጁ 18 ሲሞላው ራሱ ሄዶ መታወቂያውን ያወጣል፤ ውሉም በስሙ ይዞራል። እስከዚያ ቁልፉን ልጁ ይያዝ፤ ፊርማው ግን የትልቅ ሰው ይሁን።