ቪአር መነጽር ልግዛ ወይስ አማኑኤል ልሂድ?

ሰሞኑን አንዲት ልጅ በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ታክሲ ውስጥ ስገባ ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። መርካቶ ሥራዬን ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በቪአር መነጽር ይታከማል ሲሉ ሰማሁ። ከውጭ ላስመጣ? አማኑኤል ስገባ ሰው ካየኝ አለቀልኝ።»

ስለ መነጽሩ የሰማችው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ ባርባራ ሮዝባምና ባልደረቦቿ ከፍታ የሚፈሩ ሰዎችን በቪአር አክመው ውጤቱን አሳትመዋል። በ2022 ደግሞ በዳንኤል ፍሪማን የሚመራው የኦክስፎርድ ቡድን በእንግሊዝ 346 የሳይኮሲስ ሕመምተኞችን ያሳተፈ ጥናት አወጣ። ታካሚው ክፍል ውስጥ ሆኖ መነጽሩን ያደርግና አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ሱቅ ይገባል፤ ባለሙያ አጠገቡ አለ። ይበልጥ የተጠቀሙት ከቤት መውጣት ክፉኛ ይፈሩ የነበሩት ናቸው።

እንዴት ይሠራል? ጨንቆን ከታክሲ ዘለን ስንወርድ ልባችን ይረጋጋል፤ አእምሯችን ግን «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ቀን ፍርሃቱ ብሶ ይጠብቀናል። ሳንሸሽ ከቆየን ግን ፍርሃቱ ራሱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ አእምሮም ታክሲ እንደማይገድል ይማራል። መነጽሩ ይህን መለማመጃ ቦታ ነው የሚሰጠው። እነሱ ግርግር በኮምፒውተር ይሠራሉ፣ እኛ መርካቶ አለን!

ስለዚህ በደረጃ፦ መጀመሪያ ከምታምኚው ሰው ጋር ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ብቻ። እሱ ሲቀል አንድ ፌርማታ። ከዚያ ረዘም ያለ መንገድ። በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ልግባ እንዳትዪ።

ከሁሉ በፊት ግን ምርመራ። የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ልብ ያስመታሉ። ቡናና ጫትማ አይነሱ። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ደግሞ ቪአር በራሱ አይሞክር።

አማኑኤልን በተመለከተ፣ ሆስፒታሉ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አብዛኛው ታካሚ በተመላላሽ ታይቶ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሰው ካየሽ ደግሞ ቤተክርስቲያኑም እዚያው ሰፈር ነው፣ ቀኑ 28 ከሆነማ ማንም አይጠይቅሽም። (ቀልዴን ነው፤ መደበቅ ባያስፈልግ ደስ ባለኝ።)

ይህን የጻፍኩት አስፈቅጃት ነው። በቀደም ከእህቷ ጋር ሰልፉ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆማ ተመልሳለች። ሰኞ ካርድ ታወጣለች።