ወፍጮ ያልነካው መክሰስ፦ በቢታ ገነት ከግሉተን ነጻ የሆነ የተማሪዎች ምሳ ዕቃ አዘገጃጀት

መግቢያ

ከግሉተን ነጻ የሆነ ምግብ ሲነሣ በብዙዎች ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው በትልልቅ ከተሞች መደብሮች በውድ ዋጋ የሚሸጥ፣ ከውጭ አገር የመጣ የታሸገ ዱቄትና ብስኩት ነው። በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ በስተ ምዕራብ በምትገኘው የቢታ ወረዳ መቀመጫ በቢታ ገነት ለሚኖር ቤተሰብ ግን ይህ አስተሳሰብ በሁለት ወገን ያሳስታል። በአንድ በኩል፣ በአካባቢው የሚበሉት እንሰት፣ ጎደሬ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። በሌላ በኩል፣ ይህ እውነት ራሱ ወላጅን ሊያዘናጋ ይችላል፤ ግሉተን የሌለበት እህል ከማሳ እስከ ምሳ ዕቃ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ስንዴና ገብስ ሊቀላቀሉበት ይችላሉና።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በቢታ ገነትና በመሰል የካፋ ከተሞች ከግሉተን ነጻ መክሰስ የማዘጋጀት ጉዳይ በመሠረቱ የእህል ምርጫ ሳይሆን የእህል ጉዞ ጥያቄ ነው የሚል ነው። ስለዚህም ምግቦችን በዓይነታቸው ብቻ ከመመደብ ይልቅ በወፍጮ ቤት ማለፋቸውንና አለማለፋቸውን መለኪያ አድርጎ መመደብ ለወላጅ፣ ለመምህርና ለጤና ባለሙያ የተሻለ መመሪያ ይሰጣል።

ግሉተንና ሴሊያክ በሽታ

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ሬይ በሚባለው የአውሮጳ እህል ውስጥ የሚገኙ ተዛማጅ ፕሮቲኖች የጋራ መጠሪያ ነው። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚለጠጠውና የእርሾውን አየር ይዞ የሚነፋው በዚህ ፕሮቲን ምክንያት ነው። ሴሊያክ በሚባለው በሽታ የተያዘ ሰው ግሉተን ሲመገብ የሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት የገዛ ራሱን የትንሹን አንጀት ሽፋን ያጠቃል፤ ምግብን ወደ ደም የሚያስገቡት ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶችም ይጠፋሉ። በልጆች ላይ የቆየ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና የእድገት መጓተት ይታያል። እስካሁን ያለው ሕክምና ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

በሽታው ከዳቦ ጋር ያለውን ዝምድና ያስረዳው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊሌም ዲኬ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጥናቱን ያቀረበው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት በሆላንድ ዳቦ ሲጠፋ የታመሙት ልጆች መሻላቸው ሐሳቡን አጠናክሮታል። በሆላንድ የስንዴ ዳቦ መጥፋት ልዩ አጋጣሚ ነበር፤ በካፋ ግን ያለ ስንዴ መመገብ የቆየ የኑሮ ልማድ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አስፈላጊ ናቸው። የመጀመሪያው፣ የሴሊያክ ምልክቶች በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት ከጃርዲያና ከምግብ እጥረት ምልክቶች ጋር ስለሚመሳሰሉ በግምት መወሰን አይገባም። ምርመራው በደም ውስጥ በሚገኙ ፀረ አካላትና ከአንጀት በሚወሰድ ናሙና ላይ የተመሠረተ ነው፤ ልጁ ከምርመራው በፊት ግሉተን ካቆመ ውጤቱ በሐሰት ነጻ ሊያስመስለው ይችላል። ሁለተኛው፣ በሽታው ለሌለበት ልጅ ስንዴንና ገብስን መከልከል ጥቅም የለውም፤ የምግቡን ስብጥር ያጠብበታል እንጂ።

ግሉተን በየት በኩል ይገባል

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ አንድን ምግብ ከግሉተን ነጻ ብሎ የሚቀበለው በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም ካልበለጠ ነው። ይህ ቁጥር በወጥ ቤት ቋንቋ ሲተረጎም ትርጉሙ ይጎላል። ከስንዴ ዱቄት ክብደት ከመቶ 10 ያህሉ ግሉተን ነው ብንል፣ አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄትን ከወሰኑ ጫፍ ለማድረስ 0.2 ግራም የስንዴ ዱቄት ይበቃል፤ ይህም በሁለት ጣት ከሚቆነጠረው ያነሰ ነው። በጣሊያን ተካሂዶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለ3 ወራት ሲወሰድ የሕሙማኑን የአንጀት ሽፋን እንደሚጎዳ አሳይቷል። በተመሳሳይ ስሌት ይህ በቀን ግማሽ ግራም የስንዴ ዱቄት መሆኑ ነው።

ይህን ያህል ጥቂት ዱቄት በተለመደው የኑሮ ሥርዓት ውስጥ የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። ዋናው ወፍጮ ቤት ነው፤ ከፊት የተፈጨው ስንዴ ወይም ገብስ በወፍጮው ድንጋይና በማውረጃው ላይ ይቀራል፣ ብናኙም በአየር ይንሳፈፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ወንፊት ነው። ሦስተኛው እርሾ ነው፤ ከጎረቤት የተወሰደ እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የተገኘ ከሆነ የቤቱን ንጹሕ የጤፍ ሊጥ ይበክላል። በገበያ የሚሸጥ እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬም ምን እንደተቀላቀለባቸውና ከምን በኋላ እንደተፈጩ በዓይን አይታወቅም። አጃ በራሱ ከስንዴ የተለየ ቢሆንም በአገራችን ብዙ ጊዜ ከገብስ ጋር ተደባልቆ ስለሚበቅል ለሕሙማን ልጆች አይመከርም።

ከዚህ አንድ ቀላል መርሕ ይወጣል፦ እህል ፍሬ ሳለ ይለቀማል፣ ዱቄት ከሆነ በኋላ አይለቀምም። በሽምብራ ውስጥ የገባ የስንዴ ቅንጣት በሰፌድ ላይ ይታያል፤ በጤፍ ውስጥ የገባም በወንፊት ይለያል። ስለዚህ ዱቄት ከመግዛት ፍሬውን ገዝቶ በቤት መልቀም የጥንቃቄው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ምግቦችን በጉዟቸው መመደብ

በዚህ መለኪያ መሠረት በቢታ ገነት የሚገኙ የመክሰስ ግብዓቶች በሦስት ይመደባሉ።

የመጀመሪያው ምድብ ወፍጮ የማያገኛቸው ናቸው፦ ጎደሬ፣ የተቀቀለ የእንሰት ሥር ማለትም አሚቾ፣ በቤት ከተፋቀ እንሰት የተዘጋጀ ቆጮና እርጥብ ቡላ፣ ሙዝ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ማር፣ ከበቆሎና ከቦሎቄ የሚቀቀል ንፍሮ። እነዚህ ከሌላ እህል ጋር የሚገናኙት በማብሰያ ዕቃ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥንቃቄያቸው ቀላል ነው።

ሁለተኛው ምድብ በጥቂት መጠን በቤት ሊወቀጡ ወይም በእጅ ድንጋይ ሊፈጩ የሚችሉ ናቸው፦ የተቆላ ሽምብራ፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ ለአንድ ሳምንት መክሰስ የሚበቃ በቆሎ። ሙቀጫውና የእጅ ወፍጮው ለስንዴና ለገብስ የማይውሉ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛው ምድብ ያለ ወፍጮ ቤት የማይሆነው የጤፍና የበዛ የበቆሎ ዱቄት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ጤፍ የሴሊያክ ሕሙማንን የሚጎዳ ፕሮቲን እንዳልተገኘበት አረጋግጧል፤ ይህ ግን ስለ ጤፍ ፍሬ እንጂ ስለ ወፍጮ ቤቱ አይናገርም። ለዚህ ምድብ የሚሻለው ጤፍ ወይም በቆሎ ብቻ ከሚፈጭ ወፍጮ ጋር መስማማት፣ ካልተገኘም ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ጠዋት ቀድሞ ማስፈጨትና መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለሌላው የቤተሰብ አባል መለየት ነው። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለሆነም የሕሙማን ልጆች ዕለታዊ መክሰስ በመጀመሪያው ምድብ ላይ ቢመሠረት ይመረጣል።

ያለ ግሉተን ሊጥን ማያያዝ

ከግሉተን ነጻ ሊጥ የሚፈረካከሰው የሚያያይዘው ፕሮቲን ስለሌለው ነው። በፋብሪካ ምርቶች ይህን ክፍተት የሚሞሉት ዛንታን የመሳሰሉ ሙጫዎች ናቸው። የአገራችን ወጥ ቤት ግን ለዚሁ ሥራ የራሱ ዘዴዎች አሉት። እንጀራ ሲጋገር ከሊጡ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ የሚበስለው አብሲት፣ ስታርቹ በሙቀት ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ሊጡን ያያይዛል። ተልባ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ልጋግ፣ የቡላ ስታርችና እንቁላልም ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው። የሚከተሉት ሦስት አዘገጃጀቶች በእነዚህ ዘዴዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የጎደሬ ጥብስ። አራት መካከለኛ ጎደሬ ከነልጣጩ በደንብ እስኪበስል ይቀቀላል፤ በጥሬው የሚገኘው ጉሮሮን የሚያሳክክ የኦክሳሌት ቅንጣት ስላለበት በከፊል የበሰለ ጎደሬ ለልጅ አይሰጥም። ትኩስ ሳለ ተልጦ ይደቆሳል፤ አንድ እንቁላል፣ ጥቂት ጨውና የተከተፈ ሽንኩርት ይጨመርበታል። በእጅ ተጠፍጥፎ በጥቂት ዘይት ሁለቱም ገጹ እስኪቀላ ይጠበሳል። በዚህ ምግብ ውስጥ ዱቄት ፈጽሞ አይገባም።

የበቆሎና የሽምብራ ቂጣ። ሁለት ስኒ የበቆሎና አንድ ስኒ የተቆላ ሽምብራ ዱቄት ከሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ተልባና ከጥቂት ጨው ጋር ይደባለቃል። የፈላ ውሃ ቀስ በቀስ እየተጨመረ በማንኪያ ይማሰላል፤ ሲበርድ በእጅ ይታሻል። ሩብ ሰዓት ከቆየ በኋላ በስሱ ተጠፍጥፎ በምጣድ ይጋገራል። የፈላው ውሃ የአብሲትን፣ ተልባው የሙጫን ሥራ ይሠራሉ።

የጤፍ ዳቦ ቆሎ። በአስተማማኝ ሁኔታ የተፈጨ ሁለት ስኒ የጤፍ ዱቄት ከግማሽ ስኒ እርጥብ ቡላ፣ ከአንድ እንቁላል፣ ከሁለት ማንኪያ ዘይትና ከጥቂት ማር ጋር ይለወሳል፤ ሊጡ ከደረቀ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። በጣት ውፍረት ተድቦልቡሎ፣ በትንንሹ ተቆርጦ፣ በለዘበ እሳት በምጣድ ላይ እየተገላበጠ ይደርቃል። በካፋ እርጥበታማ አየር በፍጥነት ስለሚልም ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በሚገጥም ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል።

የገንቢ ምግብ ሚዛን

ወፍጮ የማያገኛቸውን ምግቦች መምረጥ የራሱ ዋጋ አለው። ቆጮ፣ ቡላና ጎደሬ ኃይል ሰጪ ቢሆኑም ፕሮቲናቸው እጅግ አነስተኛ ነው። አንጀቱ ገና በማገገም ላይ ያለ ልጅ በእነዚህ ብቻ ቢመገብ ከግሉተን ጉዳት አምልጦ በፕሮቲን እጥረት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሳ ዕቃ ከኃይል ሰጪው ጎን አንድ ገንቢ ምግብ ሊኖረው ይገባል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ሽምብራ ከክብደቱ ከመቶ 20 ያህሉ ፕሮቲን ነው። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ በተለይ ተመራጭ ነው፦ በቆሎ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ቦሎቄው ያሟላል፣ የቦሎቄውን ጉድለት ደግሞ በቆሎው ይሸፍናል። በርካሽ ይገኛል፣ ወፍጮም አያስፈልገውም። ውሃው በሚገባ ተንጠፍጥፎ ካልታሸገ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። የሻገተ በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን ሊኖርባቸው ስለሚችል ጨርሶ መጣል ይገባል።

ምሳ ዕቃው በትምህርት ቤት

በቤት የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ በትምህርት ቤት ግቢ በአንድ ጉርሻ ሊፈርስ ይችላል። ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው በጋራ መብላታቸው፣ መጎራረሳቸውም የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው፤ ለብቻው የሚበላ ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ እንደ ንፉግ ይታያል። በሕመሙ ምክንያት የጓደኛውን ዳቦ የሚገፋ ልጅ እንግዲህ የሚከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም።

ይህን ችግር በክልከላ ብቻ መፍታት አይቻልም። የተሻለው መንገድ ልጁን ተቀባይ ሳይሆን ሰጪ ማድረግ ነው። ዳቦ ቆሎው ወይም ንፍሮው ለሁለት ለሦስት ልጆች በሚበቃ መጠን፣ ለማካፈል በተለየ ዕቃ ቢታሸግ፣ ልጁ የጓደኝነቱን ወግ ከራሱ ምግብ ይፈጽማል፤ የራሱ ድርሻም የስንዴ ዳቦ በነካ እጅ ሳይነካ ይቀራል። መምህሩም ሕመሙን አውቆ ለክፍሉ በቀላል ቋንቋ ቢያስረዳ፣ የዳቦው አለመቀበል እንደ ኩራት አይቆጠርም።

ማጠቃለያ

በቢታ ገነት ከግሉተን ነጻ የሆነ ምሳ ዕቃ ለማዘጋጀት ከውጭ የሚመጣ ዱቄት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የእህሉን መንገድ ማወቅና መጠበቅ ነው። ፍሬውን ገዝቶ መልቀም፣ ዕለታዊ መክሰስን ወፍጮ በማያገኛቸው ምግቦች ላይ መመሥረት፣ የጎደለውን ፕሮቲን በእንቁላልና በጥራጥሬ መሙላት፣ ለመጎራረስ የሚሆን ድርሻ መጨመር አራቱ ዋና እርምጃዎች ናቸው። ለቀጣይ ጥናት ተገቢ የሚሆነው፣ በአካባቢው ወፍጮ ቤቶች ከስንዴ ቀጥሎ በሚፈጭ ጤፍ ውስጥ የሚቀረውን ግሉተን መለካትና ስንት ኪሎ ከተፈጨ በኋላ ከ20 ሚሊ ግራም በታች እንደሚወርድ መወሰን ነው። ይህ ውጤት ከተገኘ ለወላጆች የሚሰጠው ምክር ከጥንቃቄ ግምት ወጥቶ በቁጥር የተደገፈ መመሪያ ይሆናል።