ዓይን ሰማይ ላይ ሲሆን ቦርሳውን ማን ይጠብቃል?

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ በክፍል ውስጥ ብዙም አይወራም። ስለ ካሜራ አንግል፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ቃለ መጠይቅ አጠያየቅ እንማራለን። ዕቃችንን ይዘን፣ ከሌባ ተርፈን እንዴት ቤት እንደምንገባ ግን የነገረን የለም። በተለይ ድሮን ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ካሜራ የያዘ ሰው ቢያንስ ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። ድሮን የሚያበር ሰው ግን ሁለት እጁ ሪሞቱ ላይ፣ ሁለት ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ቦርሳው እግሩ ሥር ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ሞባይሉ ሪሞቱ ላይ ተሰክቷል። ሌባ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

እኔ የራሴ ድሮን የለኝም። ቅዳሜና እሁድ ግን ፈቃድ ካለው አንድ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ ጋር በረዳትነት ስለምወጣ ጀሞን፣ ለቡን፣ ሐና ማርያምንና ኃይሌ ጋርመንት አካባቢን ከድሮን ሥር ቆሜ አይቻቸዋለሁ። የኔ ሥራ ባትሪ ማቀበል ይባል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ዋናው ሥራዬ ሰው ማየት ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

«ስለ ሌባ እያወራህ ፈቃድን ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። በጣም ይገናኛሉ እንጂ! በአገራችን ድሮን ማስገባትም ሆነ ማብረር ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው፤ ሁላችንም ኢንሳ የምንለው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዘዋል። እንበልና አንዱ እንደምንም አስገብቶ በድብቅ ያበራል። ቢነጠቅ የት ሄዶ ያመለክታል? ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ድሮኔን ወሰዱብኝ» ሲል የሚጠየቀው «ፈቃድህስ?» ነው። ስለዚህ ዕቃውን አጥቶ ዝም ይላል። ይህን የሚያውቅ ሌባ የማይከሰስበት ዕቃ አገኘ ማለት ነው። ለብቻ የሚያበር ሰው ከሁሉ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት «ብሰረቅ ማመልከት እችላለሁ?» ብሎ ነው። መልሱ አልችልም ከሆነ አለማብረር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ድሮን ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጦርነት ነው። ድምፁ ሲሰማ የሚደነግጥ አለ፣ «ማን ፈቀደላችሁ?» ብሎ የሚመጣም አለ። ሰዎቹን አልፈርድባቸውም። ችግሩ ሲቪል ለብሶ፣ ኮስተር ብሎ «ዕቃውን ስጠኝ፣ ሕግ ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ነው። እውነተኛ ሕግ አስከባሪም ሊሆን ይችላል፣ አታላይም ሊሆን ይችላል። አብሬው የምሠራው ባለሙያ የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ በትህትና ሰላም ይላል፣ የፈቃዱን ኮፒ ያሳያል፣ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ከዚያ «ችግር ካለ አብረን ጣቢያ እንሂድ» ይላል። መንገድ ላይ ዕቃ አሳልፎ አይሰጥም። እውነተኛው ጣቢያ መሄድን አይጠላም። የፈቃዱ ኮፒ እጁ ላይ ባይኖር ግን ይህን ሁሉ ለማለት አፍ አይኖረውም ነበር።

ሪሞቱ ሲነጠቅ ድሮኑ የት ይሄዳል?

ይህን ሁሉም የሚያበር ሰው ከመነሳቱ በፊት ማወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። የቻይናው ዲጄአይ ኩባንያ የሚያመርታቸውን የተለመዱ ድሮኖች ብንወስድ፣ ድሮኑ ሲነሳ የተነሳበትን ቦታ በጂፒኤስ ይመዘግባል። ከሪሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ፣ አቀማመጡ ካልተቀየረ በቀር፣ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ያርፋል። ባትሪው ሲያልቅበትም እንደዚሁ። አሁን ሌባው ሪሞቱን ነጥቆ ሮጠ እንበል። ሪሞቱ እስካልጠፋ ድረስና እስካልራቀ ድረስ ድሮኑ ግንኙነቱ አልተቋረጠበትም፤ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሌባው ሲርቅ ወይም ባትሪው ሲዳከም ግን እናንተ ወደቆማችሁበት ይመለሳል። ስለዚህ ሌባውን እያሳደዱ ሦስት መንደር መሮጥ ትርፉ ሁለቱንም ማጣት ነው። የተነሳበት ቦታ ላይ ሰው መቅረት አለበት፣ አለበለዚያ ድሮኑ ባዶ ሜዳ ላይ አርፎ የመጀመሪያው ያየው ልጅ ይወስደዋል።

የተነጠቀው ሞባይሉ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምስሉ ይጠፋል እንጂ ድሮኑ አይጠፋም። ሪሞቱ ያለ ሞባይልም ድሮኑን ያዛል፤ የመመለሻውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። ድንጋጤው ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቁልፉ የት እንዳለ ጣት ሳያየው የሚያገኘው እስኪሆን መለማመድ ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ለማብረሪያ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበትን ሞባይል መሰካት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። ሲም የሌለው አሮጌ ሞባይል ካለ እሱ ይበቃል።

የመመለሻው ከፍታም መታየት አለበት። የጀሞ ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ ቢሆንም ከአጠገቡ የሚሠራው ሕንፃ ግን በየወሩ ያድጋል። ድሮኑ ሲመለስ ከዚያ በላይ ካልሆነ ግድግዳ ይጠብቀዋል።

ጊዜውም አጭር ነው። ሚኒ 2 የሚባለው ክብደቱ 250 ግራም የማይሞላ ድሮን በአምራቹ አባባል 31 ደቂቃ ይበራል። ያ ነፋስ በሌለበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ክንፎቹ የበለጠ መሥራት አለባቸው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይነፍሳል። የክፍለ ከተማችን ስም ነፋስ ስልክ መሆኑን ያስታውሷል! ታዲያ ባትሪ ለመቀየር በየሩብ ሰዓቱ ማረፍ አለ ማለት ነው። እኔ እንዳየሁት አደገኛው ጊዜም ይኸው ነው። ድሮኑ ሲያርፍ አብራሪው ቁልቁል እሱን ያያል፣ ሕፃናት «ድሮን! ድሮን!» እያሉ ይሰበሰባሉ፣ ከልጆቹ ኋላ ትልልቆቹ ይቆማሉ። ቦርሳው ለባትሪ ተብሎ ተከፍቷል። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ኪስ አውላቂ ግን ግርግር ይወዳል።

የት ይቆማል?

ጀርባ ግድግዳ ላይ። ይኼ ነው ዋናው። ክፍት ሜዳ ለድሮን ጥሩ ነው፣ ለባለ ድሮን ግን በአራቱም አቅጣጫ በር ነው። የቤተ ሰብ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ ጥበቃ ያለው የመኪና ማቆሚያ ከተገኘ አስፈቅዶ እዚያ መነሳት ይሻላል። ለጥበቃው አባት ቀድሞ ሰላም ብሎ፣ ምን እንደሚሠራ ነግሮ፣ «አባባ፣ ቦርሳዬን አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ማለት የሚያፍሩ የክፍሌ ልጆች አሉ። አያሳፍርም። እንዲያውም ያ ሰው ከዚያ በኋላ ማን ሲያንዣብብ እንደነበር ይነግራችኋል።

ከአስፋልት ዳር መራቅ ደግሞ የግድ ነው። የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሞተር ብስክሌቶች ላይ እገዳ ሲጥል አንዱ ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ነጠቃና ዝርፊያ ነበር። በኋላ ሞተሮች በፈቃድና በምዝገባ ተመልሰዋል፤ የመንጠቂያው ዘዴ ግን አልተረሳም፣ በመኪናም ይሠራል። እንደ ጀርመን አደባባይ ወይም ሳሪስ ባለ ታክሲ በሚጫንበት ቦታ ሪሞት ይዞ መቆም ዕቃን በሰሃን ማቅረብ ነው። በዚያ ላይ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ለኛ ክፍለ ከተማ ቅርብ ስለሆነ የትም ተነስቶ ማብረር በራሱ አይፈቀድም።

ሁለተኛው ሰው

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ለብቻ ማብረር የሚባለውን ነገር አልቀበለውም። ሰንሰለት፣ ቁልፍ፣ ውድ ቦርሳ ይነገረናል፤ አንዳቸውም ዓይን የላቸውም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የአነስተኛ ድሮኖች ደንብ እንኳ ከአብራሪው ጎን ቆሞ የሚያይ ሰውን በስም ያውቀዋል። እዚያ የታሰበው ለአየር ደህንነት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ለኪስም ይጠቅማል። አንድ ጓደኛ ይበቃል። ሰማይ እንዳያይ ግን መስማማት አለባችሁ። ሁለታችሁም ድሮኑን ካያችሁ አንድ ሰው ናችሁ።

ትልልቆቹ ጣቢያዎችም ከዚህ አላመለጡም። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ በ2012 (እ.አ.አ.) የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ካሜራ በቀጥታ ስርጭት ላይ እያለ ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ጣቢያዎች ለቡድኖቻቸው ጥበቃ መቅጠር ጀመሩ። በኅዳር 2021 (እ.አ.አ.) ደግሞ እዚያው ኦክላንድ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ የጋዜጠኞች ቡድን ሲጠብቅ፣ ካሜራ ሊወስዱ በመጡ ሰዎች በጥይት ተመትቶ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ለካሜራ። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው ሥራው ማየትና ቀድሞ መናገር ነው፤ መደባደብ አይደለም። ቢላዋ ከታየ ዕቃው ይሰጣል። «የትምህርት ክፍሉ ዕቃ ነው፣ ፈርሜበታለሁ» የሚል ጭንቀት እንዳለ አውቃለሁ። ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ ነው።

ከተሰረቀ በኋላ

991 ደውሎ በአቅራቢያው ጣቢያ ማመልከት ነው። የድሮኑ፣ የሪሞቱና የባትሪዎቹ ሲሪያል ቁጥር፣ ደረሰኙና የፈቃዱ ኮፒ አስቀድሞ ቤት ከተቀመጠ ማመልከቻው ክብደት ያገኛል። ቃል ስንሰጥ ቃላችንን እንምረጥ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆት አንቀጽ 665 ላይ፣ ኃይል ወይም ማስፈራራት የታከለበት ውንብድና ደግሞ አንቀጽ 670 ላይ ነው፤ ቅጣታቸውም የተለያየ ነው። ገፍትረው ከወሰዱ «ገፍትረውኝ» ይባላል፣ ሳያዩ ከተወሰደ ያው ይባላል። (ዜና ስንጽፍም «ተሰረቀ» እና «ተዘረፈ» እየቀላቀልን ነው፣ እግረ መንገዴን ልበል።)

ከድሮኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሜሞሪው ነው። ድሮን ይገዛል። ሜሞሪው ውስጥ ግን ፊቴን አታሳዩ ብላ ያናገረችን ሴት ልትኖር ትችላለች፣ ቤቷም ከላይ ተቀርጾ። ሌባው ሜሞሪውን ለማን እንደሚሸጥ ማን ያውቃል? የተቀዳው በየዕለቱ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ሜሞሪው ባዶ መደረግ አለበት፣ ያለፈውን ሳምንት ሥራ ተሸክሞ መውጣት አያስፈልግም። እኛ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ሜሞሪውንም እንቀይራለን። የተቀዳበት እኔ ጃኬት ውስጠኛ ኪስ ይገባል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ቀጣዩ በረራ በባዶ ሜሞሪ ይነሳል።